ከጣራችን በላይ ስራ የፈታው ሞገድ

እኛ ግቢ ውስጥ ኢንተርኔት የሚሰራው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነው። እየቀለድኩ አይደለም። ጎንደር፣ ማራኪ የሚባለው ሰፈር ተከራይቼ ነው የምኖረው፣ ግቢው 7 ክፍል አለው፣ ከኔ በቀር ሁሉም ተማሪ ነው፣ አንድ መስመር አስገብተን በየወሩ እያዋጣን እንከፍላለን፣ እና ማታ 2 ሰዓት ላይ አንድ ቪዲዮ ልክፈት ካልክ ያቺ ክብ ነገር ትዞራለች ትዞራለች ትዞራለች፣ ሻይ አፍልተህ ጠጥተህ ብትመለስም እዛው ናት። ልጆቹ ነገሩ ስለገባቸው አላርም ሞልተው ሌሊት 9 ሰዓት ይነሱና የሚያወርዱትን አውርደው ተመልሰው ይተኛሉ። አንዱማ ጭራሽ "ማህሌት የሚቆም ደብተራ እንኳን እንደኔ አይነቃም" ይላል።

መጀመሪያ ላይ ሁላችንም የምንረግመው መስመሩን ነበር። "ዛሬም ኮኔክሽን የለም" ማለት ሰላምታ ሆኖ ነበር በቃ። አንድ ቅዳሜ ማታ ግን ብሽቅ ብሎኝ ላፕቶፔን በኬብል ራውተሩ ላይ ሰካሁና ፍጥነቱን ለካሁት፣ የከፈልንበትን አንድ ሳያጎድል ይሰጣል። ኬብሉን ነቅዬ እዛው ቁጭ እንዳልኩ በዋይፋይ ስለካው ሩቡን እንኳን አይሰጥም። ራውተሩ እኮ ከጉልበቴ 1 ሜትር አይርቅም! ስለዚህ መስመሩ ምንም አልሆነም፣ ጉዱ ያለው በራውተሩና በስልካችን መሃል ያለችው አየር ላይ ነው።

ከዛ ስልኬ ላይ በአካባቢው ያለውን ዋይፋይ ሁሉ የሚያሳይ አፕ ጫንኩና ከፈትኩት። 23 ዋይፋይ። ከግቢያችን አጥር ማዶ ካለው ፎቅ፣ ከጀርባ ካለው ካፌ፣ ከፊት ለፊት ካለው ፔንሲዮን፣ ሁሉም እየጮኸ ነው፣ ከ23ቱ 11ዱ ደግሞ አንድ ቻናል ላይ፣ ማለት አንድ የሞገድ ቁራጭ ላይ፣ ቻናል 6 ላይ ተደራርበው ተቀምጠዋል። ስክሪኑ ላይ እንደ ድንኳን ድንኳን ሆኖ ነው የሚታየው፣ የኛ ድንኳን ከስር ተቀብሮ ጫፉ ብቻ ብቅ ብሏል።

እዚህ ጋ ትንሽ ቴክኒካል ልሁን ታገሱኝ። ዋይፋይ እንዴት ነው የሚሰራው፣ ከመናገሩ በፊት ያዳምጣል። ሌላ ሰው እያወራ ከሆነ ይጠብቃል፣ ዝም ሲል ይናገራል። ጨዋ ነው፣ ከብዙዎቻችን ይሻላል። ግን 11 ጨዋ ሰው አንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ ሲገባ ሁሉም "አንተ ቅደም፣ አይ አንተ ቅደም" ሲባባል ጊዜው ያልቃል፣ አንዳንዴ ደግሞ ሁለቱ እኩል ይጀምሩና ሁለቱም ደግመው መናገር አለባቸው። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ የሚሻለው ለዚህ ነው፣ ፎቁም ካፌውም ተኝቷል። ራውተሩ ሴቲንግ ላይ ገብተህ ስታየው ደግሞ 13 ቻናል አለ ይልሃል፣ እሱ የስም ነው። ቻናሎቹ የሚራራቁት በ5 ሜጋኸርዝ ነው (የሞገድ መለኪያ ነው፣ ሺው አንድ ጊጋኸርዝ ይሆናል)፣ አንዱ ዋይፋይ የሚይዘው ግን 20 ሜጋኸርዝ ገደማ ስለሆነ ጎረቤቱን ሳይረግጥ መቀመጥ የሚችለው 1፣ 6 እና 11 ላይ ብቻ ነው። ሦስት ወንበር ማለት ነው፣ ለ23 ሰው።

ለምንድነው ግን እንዲህ የጠበበው? ይሄን ሳነብ ነው ነገሩ የገረመኝ። ይሄ ዋይፋያችን ያለበት 2.4 ጊጋኸርዝ የሚባለው የሞገድ ሰፈር ከመጀመሪያውም ማንም የማይፈልገው ሰፈር ነበር። በፈረንጆቹ 1947 አትላንቲክ ሲቲ ላይ የዓለም ቴሌኮም ጉባኤ ሲደረግ ለፋብሪካ፣ ለላብራቶሪና ለህክምና ማሽን ተብሎ የተተወ ነው፣ የምግብ ማሞቂያው ማይክሮዌቭ ራሱ እዛው 2.45 ላይ ነው የሚሰራው። ማለት ጩኸት የሚለቀቅበት ቦታ፣ ቆሻሻ መድፊያ በለው። 1985 ላይ ማይክል ማርከስ የሚባል የአሜሪካው ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ኢንጂነር ሲወተውት ቆይቶ እዛ ቦታ ላይ አነስተኛ ጉልበት ያለው መሳሪያ ያለ ፈቃድ ይነጋገር የሚል ህግ ወጣ፣ 1997 ላይ የመጀመሪያው የዋይፋይ ስታንዳርድ መጣ፣ ከዛ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። የማይረባ የተባለችው 83.5 ሜጋኸርዝ ናት ዛሬ ከፒያሳ እስከ አዘዞ ያለውን ካፌና ሆቴል ሁሉ የተሸከመችው።

ፍቃድ አልተጠየቀም፣ ጨረታ የለም፣ ማንም ባለቤት የለውም። ግን ተጨናነቀ እንጂ አልፈረሰም። ይሄን ያዙልኝ።

አሁን ወደ ጣራ እንውጣ። የቤታችን ባለቤት እትዬ ጣራቸው ላይ ያ የድሮው የአሳ አጥንት የመሰለው የቴሌቪዥን አንቴና አለ፣ ታስታውሱታላችሁ፣ ልጅ ሆነን አንዱ ጣራ ላይ ወጥቶ ያዞረዋል ሌላው ከሳሎን "አዎ! አዎ! አይ ሄደ! መልሰው!" እያለ ይጮሃል። አሁን ማን በዛ ያያል? ጎንደር ውስጥ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ቆማችሁ ቁልቁል ብታዩ ከቆርቆሮው ላይ የምታዩት ዲሽ ነው፣ ሁሉም አንገቱን ወደ አንድ በኩል አዙሮ ሳተላይቱን የሚያይ። ለዛ ለአሳ አጥንቱ ተብሎ የተመደበው ሞገድ ግን አሁንም እዛው አለ። ከ470 እስከ 694 ሜጋኸርዝ፣ 224 ሜጋኸርዝ ስፋት፣ አንድ የቴሌቪዥን ቻናል 8 ሜጋኸርዝ ስለሚይዝ በ8 ስታካፍለው 28 ቻናል። በአንድ ከተማ ላይ ከ28ቱ ስራ ላይ ያለው ጥቂቱ ነው፣ ገጠር ስትወጣ ደግሞ ጭር ይላል።

እና ይሄ ሞገድ ቆሻሻ ሰፈር አይደለም፣ ቦሌ ነው። 600 ሜጋኸርዝ አካባቢ አንዱ ሞገድ ርዝመቱ 50 ሳንቲ ሜትር ነው፣ አንድ ክንድ በለው። የዋይፋዩ 12.5 ሳንቲ ሜትር፣ ግማሽ ስንዝር። ባለ ክንዱ የጭቃ ግድግዳ ብዙም አያስጨንቀውም፣ ቅጠል ውስጥ ያልፋል፣ በተመሳሳይ ርቀትና ተመሳሳይ አይነት አንቴና ደግሞ ከ2.4ቱ 16 እጥፍ ጉልበት ይዞ ይደርሳል። ባለ ግማሽ ስንዝሩ የእትዬን ግድግዳ አልፎ እኔ ክፍል ሲደርስ ደክሞት ነው የሚደርሰው።

አያቴ ደንቢያ ነው ያደጉት። እዛ አገር እህሉ ማሳ ላይ እያለ የሰው ከብት ቢገባ ጠብ ነው፣ ሽማግሌ ተቀምጦ ካሳ ይቆረጣል። ጤፉ ታጭዶ ተሰብስቦ ከተነሳ በኋላ ግን ማሳው ላይ የቀረውን የሁሉም ሰው ከብት ይግጠዋል፣ ባለማሳው አይከለክልም፣ መሬቱን ቀማችሁኝም አይልም። ክረምት ሲመጣ መልሶ ያርሰዋል። የሞገድ መጋራት የሚባለው ነገር ለኔ የገባኝ በዚህ ነው። ባለ ፈቃዱ ሲሰራበት ማንም አይነካውም፣ ሳይሰራበት ሲቀር ግን ሌላው በልኩ ይግባበት፣ ባለቤቱ ሲመለስ ውጣ። ሞገድ ደግሞ ከማሳ ይሻላል፣ ቢግጡት አያልቅም፣ ዛሬ ያልተጠቀምክበት ለነገ አይጠራቀምልህም። ሰው የማይጠቀምበትን ይዞ ሌላውንም ሲከለክል አይበላ አያስበላ እንላለን አይደል፣ በቃ እሱ ነው።

"እና ማዳመጥ ብቻ አይበቃም? እንደ ዋይፋይ አዳምጦ ዝም ካለ ይግባ" ያለኝ ልጅ አለ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ግን ቴሌቪዥን ላይ አይሰራም። ቴሌቪዥን ተቀባይ ነው፣ ድምፅ አያሰማም። አንድ መሳሪያ ከጎሃ ጀርባ ሸለቆ ውስጥ ሆኖ ቢያዳምጥ ኮረብታው ጋርዶት ምንም አይሰማም፣ ነፃ ነው ብሎ ይለቃል፣ በወዲህ በኩል ግን አንድ አዛውንት ዜና እያዩ ነው፣ ስክሪኑ ይበላሽባቸዋል። ስለዚህ የተመረጠው መንገድ መዝገብ ነው። መሳሪያው ያለበትን ቦታ በጂፒኤስ ያውቃል፣ ዳታቤዝ ይጠይቃል፣ ዳታቤዙ "አንተ ባለህበት ቻናል 31ና 34 ነፃ ነው፣ በዚህን ያህል ጉልበት" ይለዋል፣ መሳሪያው በየጊዜው እየተመለሰ መጠየቅ አለበት፣ መልስ ካላገኘ ዝም ይላል። መስኖ ያለበት አገር ሰው ይሄን ለመረዳት ኮርስ አያስፈልገውም፣ የውሃ አባት ማለት ነው። የውሃ አባት ውሃው የሱ አይደለም፣ ተራውን ነው የሚያውቀው፣ ዛሬ የማን ነው፣ እስከ ስንት ሰዓት፣ ቦዩን ማን ይዝጋ።

ህልም አይደለም፣ ተሞክሯል። አሜሪካ 2008 ላይ ነው ህጉን ያጸደቀችው። እዚሁ አፍሪካ ውስጥ 2013 ላይ ኬፕታውን ጉግል ያለበት ሙከራ ተደርጎ ከስቴለንቦሽ ዩኒቨርሲቲ ታይገርበርግ ካምፓስ ተነስቶ 10 ትምህርት ቤት በባዶ የቴሌቪዥን ቻናል ኢንተርኔት አግኝቷል፣ የማንም ቴሌቪዥን አልተረበሸም። እዛው አመት ኬንያ ናንዩኪ አካባቢ ማይክሮሶፍት ያለበት ፕሮጀክት በሶላር የሚሰራ መሳሪያ ገጠር ውስጥ ተክሏል። ደቡብ አፍሪካ 2018 ላይ ህግ አድርጋ አወጣችው።

ታዲያ ለምን በየቤታችን አልገባም? እዚህ ላይ ሰው ሲያወራ የሚዘለው ነገር አለ። መሳሪያው ውድ ነው። ዋይፋይ የረከሰው ሞገዱ ነፃ ስለሆነ ብቻ አይደለም፣ ህጉ በዓለም ዙሪያ ተመሳሳይ ስለሆነ ፋብሪካው አንድ አይነት ቺፕ በቢሊዮን እየፈለፈለ ስለሚያወጣ ነው። የባዶው ቻናል ግን አንዱ አገር ፈቀደ ሌላው ገና ያጠናል፣ የፈቀዱትም ህጋቸው ለየቅል ነው፣ ማን ለጥቂት ሺህ ሰው ብሎ ቺፕ ይሰራል? ስለዚህ አንዱ መሳሪያ የራውተር ሳይሆን የሞተር ሳይክል ዋጋ ሆኖ ቀረ። ሃሳቡ አልከሸፈም እላለሁ እኔ፣ ገበያ አጣ። ሁለቱ ይለያያሉ።

በዚህ መሃል የኔ የራሴ ጣጣ መጣ። ታናሽ ወንድሜ አዘዞ ላይ ፎቶ ኮፒና ፕሪንት ቤት አለው፣ መስመር ለማስገባት ሲጠይቅ "ፖርት ሞልቷል" ተባለ፣ በሦስት ወሩ ሲጠይቅ አሁንም ፖርት ሞልቷል፣ ቀኑን ሙሉ በሞባይል ዳታ ሲሰራ ፓኬጁ ትርፉን ይበላበታል። እኔ ጋ ደግሞ ቀን ቀን ልጆቹ ክላስ ስለሚሆኑ መስመሩ ስራ ፈቶ ነው የሚውለው። ልብ በሉ፣ እዚህም ስራ የፈታ ነገር። ስለዚህ ሁለት የውጪ ሬዲዮ፣ በ5 ጊጋኸርዝ የሚሰራ ትንሽ ሳህን የመሰለች፣ ገዝተን አንዱን እኔ ጋ አንዱን እሱ ጋ ጣራ ላይ ሰቅለን ልናገናኝ ተነሳን። በቀጥታ 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

መስቀያ ያስፈልገኛል። እትዬን "ያን የድሮ አንቴና ላንሳውና በቦታው..." ስላቸው ገና ሳልጨርስ "አይነካም!" አሉ። "እትዬ አይሰራም እኮ፣ ስንት አመቱ ነው።" "ይሰራል እንጂ ልጄ፣ ልብስ ምን ላይ ላሰጣ ነው?" ወጥቼ ሳየው እውነታቸውን ነው፣ የአንቴናው ብረት ላይ የልብስ ገመድ አስረውበት ወደ ኮባው ጋ ተወጥሯል። ብረቱን ራሳቸው ባለቤታቸው እያሉ ያስተከሉት ነው፣ ጠንካራ ቧንቧ፣ ሲሚንቶ የተሞላበት። ተደራድረን ከገመዱ በላይ የኔን ሬዲዮ እንዳስር ፈቀዱ።

መጀመሪያ ቀን መሳሪያውን ስከፍተው ዝም አለ። አንድ ደቂቃ ሙሉ ምንም የለም። ተበልቻለሁ ብዬ ወንድሜ ጋ ደውዬ ሻጩን ስሳደብ፣ በመሃል "ተገናኘ!" አለኝ። ኋላ ሳነብ ነው የገባኝ፣ በ5 ጊጋኸርዝ ውስጥ ሰፋ ያለው ቦታ የራዳር ነው፣ የአየር ሁኔታና የወታደር ራዳር። 2003 ላይ ጄኔቫ በተደረገው የዓለም ሬዲዮ ጉባኤ ዋይፋይ እንዲገባበት ሲፈቀድ በቅድመ ሁኔታ ነው፣ መጀመሪያ 60 ሰከንድ ዝም ብለህ አዳምጥ፣ ራዳር ከሰማህ ቻናሉን ለቀህ ውጣ፣ 30 ደቂቃ አትመለስ። እኔ የተበላሸ እቃ ሸጡልኝ ስል እሱ ለካ ደጃፍ ቆሞ "ቤቶች!" እያለ ነበር። ይሄ ሁሉ የሞገድ መጋራት ወሬ እኔ ጣራ ላይ እየሰራ ነበር ሳላውቀው፣ ሻጩን ይቅርታ አልጠየቅኩትም ግን።

ሁለት ወር ቆንጆ ሰራ። ሐምሌ ሲገባ መቆራረጥ ጀመረ፣ ሁሉም ሰው "ዝናብ ነው" አለኝ፣ እኔም አምኜ ነበር። ግን በዚህ ርቀት 5 ጊጋኸርዝን ዝናብ ራሱ ብዙም አይጎዳውም፣ ዝናቡ ካባራ በኋላም እኮ ይቆራረጣል። አንድ ቀን ጣራ ላይ ወጥቼ በመሃል ያለውን መሬት ስመለከት ባህር ዛፍ። ከኛ ወደ አዘዞ በሚወስደው አቅጣጫ ቁልቁለቱ ላይ የተተከለ ባህር ዛፍ አድጎ ጫፉ ቀና ብሏል፣ ቅጠሉ ውሃ ጠጥቷል። "ግን እኮ የአዘዞው ጣራ ይታየኛል" ብትሉ፣ ለአይን መታየት አይበቃም። ሞገዱ ቀጭን ክር ሆኖ አይሄድም፣ መሃሉ እንደ ነፍሰ ጡር ሆድ ይነፋል፣ በ7 ኪሎ ሜትር ላይ መሃሉ ጋ ከመስመሩ ወደ ላይም ወደ ታችም 9 ሜትር ተኩል ገደማ ክፍት ቦታ ይፈልጋል። እርጥብ ቅጠል እዛ ውስጥ ሲገባ ይጠጣዋል። የዛፉን ባለቤት አፈላልጌ ሄድኩ፣ ቆረጣው የሚደርሰው ከሁለት አመት በኋላ ነው አሉኝ፣ ትክክል ናቸው፣ እኔ ኢንተርኔት ፈለግኩ ብዬ የሰው አጣና ላስቆርጥ? ቧንቧው ላይ ቧንቧ ቀጥዬ ሬዲዮውን 3 ሜትር ከፍ አደረግኩት፣ ተሻለ እንጂ አልዳነም። ባለ ክንዱ ሞገድ ቢሆን ኖሮ ያን ቅጠል ይህን ያህል ባልፈራው ነበር፣ ጣራ ላይ ሆኜ ያሰብኩት ይሄን ነው፣ የምይዘው ደግሞ ያንኑ ሞገድ የሚቀበል ያረጀ አንቴና ነው።

እሺ፣ የቴሌቪዥኑን እንተወውና የሞባይሉን እንይ፣ ምክንያቱም ለኛ አገር ይበልጥ የሚያዋጣው እሱ ይመስለኛል። የሞባይል ሞገድ የሚሰጠው ለአገር በሙሉ ነው። ኦፕሬተር ፈቃድ ሲወስድ አዲስ አበባ ላይም፣ ጎንደር ላይም፣ ደንቢያ ውስጥ አያቴ ያደጉባት መንደር ላይም ያ ሞገድ የሱ ነው። አዲስ አበባ ላይ ይሰራበታል። እዛች መንደር ግን ታወር የለም፣ ስለዚህ ሞገዱ የተያዘም ነው ባዶም ነው። ለገና አያቶቼ ጋ ስሄድ ስልኬን ይዤ ጉብታው ላይ ካልወጣሁ አንድ መስመር አይመጣም፣ ጉብታው ላይ ሁልጊዜ ሰው አለ፣ የስልክ ጉብታ ነው የሚሉት አሁን።

እንግሊዞች 2019 ላይ ያደረጉት ነገር ለዚህ ነው ደስ የሚለኝ። ኦፍኮም የሚባለው ተቆጣጣሪያቸው፣ ኦፕሬተሩ የያዘውን ሞገድ በአንድ አካባቢ ካልሰራበትና በቅርቡም ሊሰራበት ካላሰበ ሌላ ሰው፣ ገበሬ ይሁን ትንሽ ካምፓኒ ይሁን ማህበር፣ አመልክቶ እዛች ቦታ ላይ ብቻ ይጠቀምበት አለ። ዋጋው 950 ፓውንድ፣ ለ3 አመት። የኦፕሬተሩ ፈቃድ አልተነካም፣ ተጠይቆ ነው፣ ምክንያት ካለው ይናገራል። አሜሪካኖቹ ደግሞ 2015 ላይ 3.5 ጊጋኸርዝ አካባቢ ያለውን 150 ሜጋኸርዝ በሦስት ደረጃ ከፈሉት፣ ባለመሬቱ የባህር ኃይሉ ራዳር ነው፣ ሁለተኛው ከፍሎ የተከራየ ነው፣ ሦስተኛው ደግሞ ሳይከፍል የቀረውን የሚግጥ። የባህር ጠረፍ ላይ የመርከብ ራዳር የሚሰማ ሴንሰር ተክለዋል፣ መርከብ ሲመጣ የውሃ አባቱ ኮምፒውተር ሌሎቹን ዘወር በሉ ይላቸዋል። 2020 ላይ ለሁለተኛው ደረጃ ጨረታ ሲያወጡ ደግሞ 4.58 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አገኙበት። የሚጋራ ሞገድ ዋጋ የለውም የሚል ሰው ካለ ይሄን ይስማ።

የኦፕሬተሮቹ ወገን የሚለው ነገርም ተራ ወሬ አይደለም። እኛ አገር 2021 ላይ ሁለተኛው የቴሌኮም ፈቃድ በ850 ሚሊዮን ዶላር ነው የተሸጠው። ያን ያህል ብር ከፍለህ ከጎንህ አንድ ሰው በትንሽ ብር ገብቶ ሲሰራ ብታይ አትናደድም? እኔ ብሆን እናደዳለሁ። ግን እኮ አያቴ መንደር ላይ የሚገባው ሰው ካንተ ደንበኛ አይወስድም፣ ደንበኛ የለህማ። አንተ ታወር ልትተክል ስትመጣ በስድስት ወር ማስጠንቀቂያ ይውጣ፣ ውል ነው። እንዲያውም ሰው ኢንተርኔት ለምዶ ይጠብቅሃል።

እኛ ጋ ሞገዱን የሚያስተዳድረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለስልጣን ነው፣ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመ። አገልግሎት መሸጥ ፈቃድ ይፈልጋል፣ መፈለግም አለበት፣ ማንም ተነስቶ ሰፈር ውስጥ የሞባይል ሞገድ ላይ ይልቀቅ እያልኩ አይደለም፣ እንደዛ ከሆነ የድንገተኛ ሬዲዮውም አውሮፕላኑም ይረበሻል። እኔ የምለው ትንሽ ሰው የሚገባበት በር ይኑር ነው፣ ለአንድ ወረዳ፣ ለአንድ ቀበሌ የሚሆን፣ የትምህርት ቤት ኮሚቴ ወይም የወጣቶች ማህበር አመልክቶ ሊያገኘው የሚችል። ኬንያ 2021 ላይ ለማህበረሰብ ኔትወርክ የሚሆን ለብቻው የፈቃድ አይነት አውጥታለች፣ ጎረቤታችን ናት፣ ሩቅ አይደለም።

ሞገድ ብቻውን ዳቦ አይሆንም እሱንም አውቃለሁ። ባዶ ሞገድ ብትሰጠኝ አያቴ መንደር ላይ ከምን ጋር ላገናኘው ነው? የደንቢያ ከተማ ቆላድባ ድረስ ፋይበር ቢኖር ከዛ ወዲያ መብራት አለ ወይ፣ ባትሪው ቢሰረቅስ። ግን ከወጪው ሁሉ ምንም ሳይቆፈር፣ ምንም ሳይገዛ፣ በወረቀት ብቻ ሊቀንስ የሚችለው ይሄ ነው። የተባበሩት መንግስታቱ ብሮድባንድ ኮሚሽን 2018 ላይ ያወጣው ግብ በ2025 ትንሿ የኢንተርኔት ፓኬጅ ከሰው የወር ገቢ 2 በመቶ እንዳትበልጥ የሚል ነበር። ወንድሜ የሱን በካልኩሌተር ሲያሰላ አይቼዋለሁ፣ ስንት እንደመጣ ግን ሊነግረኝ አልፈለገም፣ ካልኩሌተሩን ብቻ ገልብጦ አስቀመጠው።

በኛ አቆጣጠር በ2015 ሐምሌ መጨረሻ ላይ እኛ ጋ ሞባይል ዳታ ጠፍቶ ለብዙ ወራት ሳይመለስ ሲቀር ደግሞ ሁሉም ነገር እዛች ጠባብ 2.4 ላይ ወደቀ። መስመር ያለው ካፌና ሆቴል ሁሉ ደጁ ላይ ሰው ስልኩን ይዞ ይደረደራል፣ አንዲት ማኪያቶ ይዞ ሦስት ሰዓት። ፒያሳ ላይ ግድግዳ ተደግፎ የቆመ ሰው ሁሉ ፓስወርድ ያለው ነበር የሚመስለኝ። አስተናጋጇ ሂሳብ ስታመጣ በወረቀቱ ጀርባ ፓስወርድ ጽፋ ትሰጣለች፣ በየቀኑ ይቀየራል፣ ትናንት የጠጣ ዛሬ እንዳይሰርቅ። ዛሬም ልማዱ ያልለቀቀው ሰው አለ።

ግቢያችን ውስጥ ያለውን በትንሹ አስተካክለነዋል። ሁለት ክፍል ድረስ ኬብል ዘረጋሁ፣ ራውተሩን ከቻናል 6 አውጥቼ 11 ላይ አደረግኩት፣ አዲስ ስልክ ያላቸው ልጆች ወደ 5ቱ ጊጋኸርዝ ተዛወሩ። ሁለቱ ስልካቸው አሮጌ ስለሆነ 2.4ቱን ብቻ ነው የሚያውቀው፣ እነሱ አሁንም ሌሊት 9 ሰዓት ይነሳሉ። ያ ማህሌት ቆሚው ልጅ ስልክ ቀይሮም መነሳቱን አልተወም፣ ለምዶበታል።

የአዘዞው ሬዲዮ ባለፈው ሳምንት ትንሽ ዘመም ብሎ ነበር፣ ነፋስ ይሁን አሞራ አላውቅም፣ ወንድሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ "ጠፋ፣ ጠፋ" እያለ ይደውላል፣ ሰልፍ ሙሉ ተማሪ ፕሪንት ይጠብቃል። መፍቻ ይዤ መሰላል ላይ ልወጣ ስል እትዬ ከጓዳ ብቅ አሉ።

"ወዴት ነው?"

"ሬዲዮዋን ላስተካክል ነው እትዬ፣ ሁለት ደቂቃ።"

"ዛሬ ምን ቀን ነው?"

ቅዳሜ ነው። ቀና ብዬ ሳይ ገመዱ ላይ አራት ጋቢ፣ ሁለት አንሶላና የሰንበት ቀሚሳቸው ተሰጥቷል፣ ውሃው እየተንጠባጠበ ነው፣ ቧንቧውን ብነቀንቀው ጭቃው ላይ ነው የሚወርደው። ስንደራደር ብለውኝ ነበር፣ ልብስ በተሰጣ ቀን ብረቱ የሳቸው ነው። ወንድሜ ጋ ደወልኩና ጋቢው እስኪደርቅ ጠብቅ አልኩት። "የምን ጋቢ?" ይላል። ፀሐዩ ጥሩ ነበር ደግነቱ፣ 8 ሰዓት ላይ ደረቀ።